አባቴ በሰም ያጣበቁት ጥርስ

አባቴ እህቴን እየመረቁ ሳሉ የታችኛው ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ወልቆ ነጠላዋ ላይ ወደቀ። አሁን፣ ዛሬ፣ ሰው ሁሉ ፊት።

እህቴ ነገ ማለዳ ከሰቆጣ በወልድያ አውቶቡስ ተነሥታ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ጉልበታቸው ሥር ተንበርክካ ነበር። «እሾህ አይውጋሽ፣ እንቅፋት አይምታሽ፣ በሰላም ሂጂ» እንዳሉ ነው የወደቀው። አሜን የሚል ጠፋ።

ለካ ጥርሱን በሰም ነበር የሚያጣብቁት! ንብ አናቢ ናቸው፤ እኛ ቤት የሚያፈስ ዕቃ ሁሉ በሰም ይደፈናል። ዛሬ ትኩስ ሻይ ጠጡና ሰሙ ላላ። (ሰቆጣ የማር አገር ነው ስንል ሰሙ ለዚህም መሆኑን አላውቅም ነበር።)

«አባዬ፣ ይጨርሱላት እንጂ» ስላቸው አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው «በዚህ አፍ መርቄ ልጄን መሳቂያ አላደርጋትም» አሉና ጓዳ ገቡ።

ደሴ ያየቻቸው የጥርስ ሐኪም ነግራን ነበር። የላይኛውን ላንቃ ይይዘዋል፤ የታችኛውን ግን ምላስ እየገፋ ያነሣዋል። መንጋጋ አጥንታቸው ውስጥ ሁለት ብሎን ተተክሎ ጥርሱ እሱ ላይ ቢገጠም አይነቃነቅም። አጥንቱ ሳይሳሳ አዲስ አበባ ውሰዷቸው አለች።

አባቴ «ብሎን ለወፍጮ ነው» ብለው እምቢ አሉ።

እባካችሁ፣ እናት አባቱን እንዲህ ያሳከመ አለ? በሽምግልና ዕድሜ ይሆናል? እንዴት አሳመናችኋቸው? ጻፉልኝ፣ ጨንቆኛል።

ሕክምናው ለነገ እንደማይደርስ አውቃለሁ። እህቴ አሁንም ጓዳው በር ላይ ተንበርክካለች።

ምርቃቱ የተቋረጠው «በሰላም ሂጂ» ላይ ነው። «በሰላም ተመለሺ» ገና አልተባለም።