አደራ የተቀመጠው ትራስ

ከጉዞው ደክሞኝ ጋደም ስል ትራሱ የሰው አናት ሸተተኝ።

የከረመ ቅቤ! መሃሉ ቢጫ ሆኖ አንድ ሽበት ተጣብቆበታል። ብድግ አልኩ።

እማዬን ለጉልበቷ ፍል ውሃ ላስገባት ብዬ፣ ከአዳማ ወረድ ብላ ያለች ከተማ አንድ ወር ልንከርም ገና መድረሳችን ነው። ሙቀቱ ቅቤ ያቀልጣል፤ የትራሱን ጭምር።

በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ የፔንሲዮኑ ባለቤት እትዬ ዘይነባ ጋ ሄድኩ። "ይሄ ትራስ ታጥቦ ያውቃል?"

"ወላሂ አልነካሁትም!" አሉ ኮራ ብለው። "የእናትሽ ነው። አምና ሲሄዱ 'አንገቴ ለምዶታል፣ ለማንም እንዳትሰጪብኝ' ስላሉኝ ቆልፌ አስቀመጥኩት። እኔ አደራ አልበላም።"

እማዬ ከኋላዬ መጥታ ነጠቀችኝ። "እሰይ፣ ትራሴ!" ብላ ጉንጯን አሳረፈችበት። ይኸው አሁን እያንኮራፋች ነው።

እኔ ሌላኛው አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ የዚህኛውን ትራስ አየሁት። እሱም ቢጫ ነው።

"እሱማ ከሻሸመኔ የሚመጡት ሴትዮ ትራስ ነው" አሉኝ እትዬ ዘይነባ በበሩ ብቅ ብለው። "እስኪመጡ ተኚበት፣ ምንም አይሉም።"

እናንተስ ፔንሲዮን ገብታችሁ የማን ትራስ ደርሷችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ እንቅልፍ እንደሆነ የለኝም።