በአመድ የታሸችው ጠገራ ብር

በ1972 ዓ.ም. ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ነቀምት ውስጥ ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ይህን ያነሳሁት እንዲሁ አይደለም። ባለፈው እሑድ አማቼ ለሊሳ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና፣ «አባ፣ ያንተን የምትመስል ብር ጨረታ ላይ ወጥታለች» አለኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁ። እውነትም ማርትሬዛ ናት፤ ያቺ ደረተ ሙሉ ሴትዮ ያለችባት ጠገራ ብር። ከሥሯ የተጻፈውን እሱ አነበበልኝ፦ የሐበሻ እቴጌ መልክ ያለባት፣ ከቤተ መንግሥት ግምጃ ቤት የወጣች፣ የሰው እጅ ያልነካት። የተጠራላት ዋጋ የምትታለብ ላም ይገዛል። ሰዎቹ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ይጨምራሉ።

«ውሸት ነው» አልሁት። «ሴትዮዋ የፈረንጅ ንግሥት ናት። የሰው እጅ አልነካትም የሚሏትም በአመድ ታሽታለች። ጉንጯን ተመልከት፤ ጭረቱ ይታያል።»

እሱ የሰማው ሌላ ነው። አንገቴ ላይ ያለችውን ጥቁሯን ብሬን እያየ፣ «እንግዲያው ያንተንም አሽተን ፎቶ እናንሳት» አለና እጁን ዘረጋ። እጁን መታሁት። የልጄ ባል ባይሆን ከዚያም በላይ አደርግ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ መጻፍ ይከብደኛል። ይህን ግን ልጻፈው።

ጫልቱ በዲጋ መንገድ በኩል ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። እህል ተሸክማ ስትመጣ ከሰልፉ አስቀድሜ እፈጭላታለሁ። ሌሎቹ ሴቶች ያጉረመርማሉ። አንዲቱማ፣ «ይሄ ልጅ የሚፈጨው በዓይኑ ነው፤ ሞተሩን ምን አስነሳው?» ብላ ሰው ሁሉ ፊት አዋረደችኝ። ጫልቱ ቅንድቧ ላይ የሰፈረውን ዱቄት በሻሿ እየጠረገች ትስቃለች። ያ ሳቅ የኔ መሰለኝ። በልቤ ጎጆ ቀልሼ፣ ጓሮውን አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ተክዬበት ነበር።

ገመቹ መጣ። ከጊምቢ ቡና የሚጭን ሾፌር ነው፤ ሰው ሁሉ ካኪ ሲለብስ እሱ የቆዳ ጃኬት ይለብሳል። መኪናውን ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ገትሮ ሲወርድ ቀዩ አቧራ እኛ ላይ ይቀራል፣ እሱን አይነካውም። አንድ ቀን የጫልቱን ዱቄት ከእጄ ተቀብሎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጠላት። እሷም ገባች። እኔ ከሰልፍ ማስቀደም እችላለሁ እንጂ ጋቢና ከየት ላምጣ? ቅናት ማለት እንደ ጥሬ ባቄላ ነው፤ ሆድ ይነፋል እንጂ አያጠግብም። ያን ሳምንት ምሳዬን ለውሻ ሰጠሁ።

የጫልቱ እናት አዮ ዲንቂቱ አንገታቸው ላይ ጠገራ ብር በክር ደርድረው ያስሩ ነበር። ከብሮቹ መካከል አንዷ ጎድላለች፤ ባላቸው በታመሙ ጊዜ ለመድኃኒት ሸጠዋታል። ክፍተቱ እንደ ወለቀ ጥርስ ይታያል። የጫልቱ ፈላጊ ሲበዛባቸው፣ ይህን የሚሞላልኝ ሰው ሽማግሌ ይላክ፣ በሬም ክፍት ነው አሉ። ነገሩ እንደ ቀልድ ተወራ፤ ቀልድ ግን አልነበረም። ያኔ ጠገራ ብር ጠፍቷል። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀልና ቀለበት አድርጎታል።

ገመቹ ማግኘቱን ስሰማ በሩጫ ጋሽ ሽኩር ዘንድ ሄድሁ። ጋሽ ሽኩር ከጉራጌ አገር መጥተው ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡ ሰው ናቸው። ወደ ውጭ አየት አደረጉና ከጨው ጆንያ ሥር የቆዳ ከረጢት አወጡ፤ ብር መነገድ ቀበሌ ያስጠራ ነበር።

«ሁለት ነበሩ» አሉኝ። «አንዷን ገመቹ ወሰደ። ይቺ እህቷ ናት። ከአንድ ሰው፣ ባንድ ቀን ነው የገዛኋቸው።»

«ለሱ በስንት ሰጡት?»

«ልንገርህና ታመህ ልትተኛ?» አሉ።

እጥፍ እንደጠሩብኝ ገብቶኛል። አልተከራከርሁም። ለገና ያሰብኋትን በግና አንድ ካፖርቴን ሸጬ ወሰድኋት።

በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ሌላ ወሬ ተነዛ። የገመቹ ብር የጊምቢ ባላባት ሚስት በሠርጓ ቀን ያሰረቻት፣ ከእናት ወደ ልጅ ስትወርድ የመጣች ናት ተባለ። የጋሽ ሽኩር ጨው ሥር የከረመች ብር የባላባት ዘር ሆና አረፈችው። እኔ ወሬ መፍጠር አልችልበትም። ስለዚህ በሥራ ልብለጠው አልሁ። አመድ በሎሚ ለውሼ ብሯን ማሸት ጀመርሁ። ከሥራ ስመጣ አሻለሁ፣ ስሄድ አሻለሁ። የሴትዮዋ አፍንጫ አበራ፣ ፀጉሯ አበራ፣ በመጨረሻ የራሴ ፊት ታየኝ። የገመቹ ብር ከዚህች ጎን ስትቀመጥ የምታፍረው ማፈር እየታሰበኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።

መስቀል አልፎ መንገዱ ሲደርቅ፣ በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለታችንም አዮ ዲንቂቱ ቤት ተገኘን። ባንድ አግዳሚ አስቀመጡን። አንጮቴ በቅቤ ቀረበ። የገመቹ ድርሻ ላይ ቅቤው የበዛ መሰለኝ፤ ዛሬም በዝቶ ነበር ባይ ነኝ። ጫልቱ ጓዳ በር ላይ ቆማለች።

እናትየው ብሮቹን ተራ በተራ የእጅ ወፍጯቸው ላይ ጣሏቸው። ሁለቱም እኩል ጮኹ። የሴትዮዋ ትከሻ ላይ ያሉትን ነጥቦች በጣታቸው ዳሰሱ፤ የሁለቱም ልክ ነው። ከዚያ ሐብላቸውን ፈትተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉና መጀመሪያ የኔን ክፍተቱ ላይ አስቀመጧት። ሌሎቹ ብሮች በላብ፣ በቅቤና በዕድሜ ጠቁረዋል። የኔዋ በመካከላቸው የቆርቆሮ ቁራጭ መሰለች። የገመቹን አስቀመጡ። ጠፋች። ከየትኛዋ ቀጥሎ እንዳለች መለየት አልቻልሁም።

ያኔ አላስቻለኝም። የባላባት የተባለችው ሐሰት ነው፣ ሁለቱም ከአንድ ከረጢት የወጡ ናቸው፣ ይቺን ቅቤና ጥላሸት ቀብቶ ነው ያጠቆራት፣ አሽትቷት፣ ነዳጅ ነዳጅ ትላለች አልሁ።

«ባላባቱም መኪና ነበረው» አለ ገመቹ፣ አንጮቴውን እየጎረሰ።

ጫልቱ ሳቀች። ያ የወፍጮ ቤቱ ሳቅ ነው፤ ራሱ ነው። የኔ አልነበረም ማለት ነው።

አዮ ዲንቂቱ አልሳቁም። «ኢልማ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ቅቤውን እኔም አሽትቻለሁ። እሱ የኔን አንገት አይቶ ነው ያጠቆራት። አንተ ግን የሱን ብር አይተህ ነው ያነጣሃት።» ብሬንም መዳፌ ላይ መልሰው አስቀመጡልኝ።

ለሊሳ አሁንም ጨረታውን እያየ ነው። ማን ጨመረ፣ ማን ቀረ ይላል። ብሯን ግን ከተጫራቾቹ አንዳቸውም ያዩአት አይመስለኝም፤ የሚተያዩት እርስ በርስ ነው። እኔም በግና ካፖርት የሸጥሁት ገመቹን እያየሁ ነው። ጫልቱ ምን እንደምትወድ አንድ ቀን ጠይቄአት አላውቅም። ይህን ማወቄ ግን ቅናቴን አላዳነውም። ዛሬም በከኒሳ ቀሴ ሰፈር በኩል ሁለቱ ተደጋግፈው ሲያልፉ አያለሁ። ሐብሉ ወደ ጫልቱ ወርዷል። የገመቹን ብር ከሌሎቹ ለመለየት ዓይኔ እስኪያለቅስ አፈጣለሁ፤ አልቻልሁም። ያመኛል፤ ሽማግሌ ነህና አያምህም የሚለኝ ሰው ካለ ይዋሻል። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ አንገቴ ላይ ያለችውን ብር «ጣውንቴ» ነበር የምትላት።

«ታዲያ በንዴት ወንዝ አልወረወርካትም?» አለኝ ለሊሳ።

አልወረወርኋትም። አዮ ዲንቂቱ በመለሱልኝ ማግስት ጠዋት በጥቁር ክር አንገቴ ላይ አሰርኋትና ወፍጮ ቤት ገባሁ። ሞተሩን እንዳስነሳሁ ጫልቱ ገመቹ ለሚልካቸው ሽማግሌዎች ግብዣ የሚሆን ጤፍ ተሸክማ መጣች። ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ ቆመች። እንደ ወትሮው ወደ ፊት ጠራኋት። ሴቶቹ ያን ቀን አላጉረመረሙም። ጆንያውን ስቀበላት ክሩን አየችው።

«ምንድን ነው አንገትህ ላይ?»

«ብሬ ናት።»

«አልተፈለገችም እኮ። ምን ታደርግልሃለች?»

«እስክትጠቁር ነው» አልኋትና ጤፉን ወፍጮው ውስጥ ገለበጥሁት።