ምልዓተ ጉባኤው የሞላ ዕለት

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር በነበረችው ትንሿ ቤተ ክርስቲያናችን ሰባት ሽማግሌዎች ነበርን፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ደንባችን ከሽማግሌዎቹ ሁለት ሦስተኛው በአካል ካልተገኙ ውሳኔ አይጸናም ይላል፤ አምስት ሰው ማለት ነው። ቀደም ሲል ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ በተወሰነ ጉዳይ ምእመኑ ለሁለት ተከፍሎ ስለነበር፣ ሰብሳቢያችን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

ወረርሽኙ ሲመጣ አንዱ ሽማግሌ እናቱን ሊጠይቅ አገር ቤት፣ ሆሳዕና፣ እንደሄደ በረራ ተዘግቶበት ቀረ። ሌላው ሱቁ ከተዘረፈ በኋላ ከተማውን ለቆ ጠፋ፤ ስልኩም አይሠራም። ሦስተኛው ታሞ ሆስፒታል ገባ። ቤተ ክርስቲያኗን ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ የምናመልክበትን የኪራይ አዳራሽም ፈልጎ ያገኘው እሱ ነው።

አራት ስንቀር አከራዩ፣ “ትቆያላችሁ ወይስ ትለቃላችሁ? ቁርጡን ንገሩኝ” አለን።

የጠፋውን እንሰርዝ ብንል መሰረዝም ውሳኔ ነው፤ አምስት ሰው ይፈልጋል። “አንድ ሰው በፈቃዱ ከለቀቀ ግን ስድስት እንሆናለን፤ ያኔ አራታችን እንበቃለን” አሉ ሰብሳቢው። ሆሳዕና ያለው በስልክ ሲጠየቅ፣ “በረራ ሲከፈት እመጣለሁ፣ አልለቅም” አለ። የቀረው ታማሚው ነበር። ሚስቱን እንዳነጋግር ላኩኝ።

ሶዌቶ ወዳለው ስፓዛ ወደሚባለው ትንሽ የሰፈር ሱቃቸው ሄድኩ። ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆማ ለአንዲት አሮጊት ዳቦ ትሸጣለች። አሮጊቷ እስክትሄድ ጠበቅኩና የመጣሁበትን ነገርኳት። ማስኩ ፊቷን ስለሸፈነው ዓይኗን ብቻ ነው የማየው።

“ሆስፒታል መግባት ስለተከለከለ በስልክ ነው የማገኘው” አለችኝ። “ትናንት ትንፋሽ እያጠረው ስለ እናንተ ጠየቀኝ። አሁን ‘ቦታህን ልቀቅ ብለውሃል’ ልበለው?”

“አትንገሪው፣ እህቴ” አልኳት።

ለሰብሳቢው ደውዬ ሁለተኛ እንዳይልኩኝ ነገርኳቸው። እሳቸውም፣ “እንጠብቃለን” አሉ።

ብዙም አልጠበቅንም። በሳምንቱ ሞተ። ቀብሩ ላይ ርቀን ቆምን፤ ሚስቱን አቅፎ የሚያጽናናት ሰው እንኳ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተራርቀን ተቀመጥን። ሰብሳቢው መሬት መሬቱን እያዩ፣ “አሁን ስድስት ነን። አራት ይበቃል፤ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል” አሉ። እጅ አወጣን፤ አዳራሹ እንዲለቀቅ ተወሰነ። አንደኛው ወንድም በጸሎት ሊዘጋ ተነሣ፤ “አባታችን ሆይ” ብሎ ሳይጨርስ ተመልሶ ተቀመጠ።

ውሳኔውን የሟቹ ሚስት ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ራሴ ሱቋ ድረስ ሄጄ ነገርኳት። ጥቁር ነጠላዋን አገጯ ሥር ይዛ አዳመጠችኝ።

“እሱ ቢኖር እሺ አይልም ነበር” አለች።

“አዎ፣ አይልም ነበር” አልኳት።

ለስልኩ ኤርታይም የሚገዛ ሰው መጣ። ወደ እሱ ዞረች፤ እኔም ታክሲ ወደሚቆምበት ሄድኩ።