ክ፣ አ፣ ት በደረጃው ላይ

ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆማ የዋለች ሴት፣ በሁለት እጇ ዕቃ አንጠልጥላ፣ ልጇ አንዲት ድምፅ ስለተሳሳተች ብቻ የወጣችውን ደረጃ ተመልሳ የምትወርደው በምን ጉልበቷ ነው? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። እሷን ራሷን ጠይቄያት አውቃለሁ። «ታዲያ ብቻዋን ትውረድ?» ብላ መልሳ እኔኑ ጠየቀችኝ።

የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኛ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሷ ከእኛ በላይ አራተኛ። የወሎ ሴት ናት። መገናኛ አካባቢ የልጆች ልብስ ትሸጣለች። ሴት ልጆቻችን እኩያ ናቸው፤ የሚማሩትም አንድ ትምህርት ቤት ነው፣ ክፍላቸው ቢለያይም። የኩሽናዬ መስኮት ወደ ደረጃው ስለሚከፈት፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ፈለግኩም አልፈለግኩም እሰማለሁ።

እኔ ዘግይቼ የተማርኩ ሰው ነኝ። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲያደርሱ፣ እኔ ቀን ሰው ቤት ሠርቼ ማታ ማታ ደብተር ይዤ ክፍል እገባ ነበር። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከሥራ መልስ በረንዳ ላይ መጽሐፍ ይዤ ስለምቀመጥ፣ የሕንፃው ሰው «ቲቸር» ይለኛል። ማንንም አስተምሬ አላውቅም። ግን ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር «ቲቸር፣ እስቲ አንብቢልን» ይሉኛል፤ ስሙም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልክድም።

ታዲያ አንድ ቀን የልጄ አስተማሪ አስጠራችኝ።

«እናት፣ የእንግሊዝኛ ፊደሎቹን በስማቸው ታውቃቸዋለች። ድምፃቸውን ማገጣጠም ግን አልቻለችም። በዚሁ ከቀጠለች አንደኛ ክፍል አትገባም፤ እዚሁ ኬጂ ትደግማለች።»

በትሕትና ነው የነገረችኝ። እኔ ግን ታክሲ ውስጥ ልጄን አቅፌ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ልጄ እንደ እኔ ልትዘገይ ነው። ማንበብ ሳይችሉ ማደግ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አውቶቡሱ ወዴት እንደሚሄድ ሰው መጠየቅ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ይዞ የሚያነብልህን ሰው መጠበቅ ነው።

ያን ቀን ማታውኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት፤ እርሳስም ያዝኩ። እኔ እንግሊዝኛን የጀመርኩት ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብዬ ስለሆነ ከዚያ ውጪ መንገድ አላውቅም። ድምፃቸውን ስትጠይቀኝ ደግሞ እንደ ሀሁ አድርጌ ነገርኳት።

«ከ… አ… ተ…» ትላለች።

«ሲገጣጠምስ?»

«ከአተ።»

«ሥዕሉን እይዋ፣ ድመት ናት እኮ።»

«ከአተ!»

እኔ ነገር ሲጓደል አልወድም። ገጹን ሳንጨርስ አንነሣም። ስትሳሳት በእርሳሱ ጠረጴዛውን ኳ ኳ አደርጋለሁ። አልመታኋትም፣ አልጮኽኩባትም። ግን ፊቴን ታነብ ነበር፤ በዚያ ሰሞን በደንብ ማንበብ የምትችለው እሱን ብቻ ነው። አንድ ምሽት መጽሐፉን ገና ከቦርሳዋ ሳላወጣው «እማ፣ ሆዴን አመመኝ» አለች። ምንም እንዳላመማት ሁለታችንም እናውቃለን።

ተነሥቼ ኩሽና ገባሁ። ደረጃው ላይ ጎረቤቴና ልጇ እየወጡ ነበር።

«ከ!» አለች ልጅቷ፣ አንድ ደረጃ ረግጣ።

«ከ ነው ክ?»

«ክ!»

«አዎ፣ ኧ የሚለውን ጅራቱን ቁረጪው። ቀጥዪ።»

«አ!» ሌላ ደረጃ። «ተ!»

«ኧረ ጅራት በቀለለት! ያ ረቢ! በይ እንውረድ።»

«እንደገና ከታች?»

«ከታች ነዋ።»

በመስኮቱ አየኋቸው። እናትየው በአንድ እጇ ፌስታል፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዛለች። ዕቃውን አስቀምጣ፣ እዚያው ቆማ፣ ልጅቷን ብቻዋን መላክ ትችል ነበር። ማንም አይታዘባትም። እሷ ግን ከነሸክሟ ዞራ አብራት ወረደች። ከታች ጎን ለጎን ቆሙና ሁለቱም «ክ» አሉ፤ ሁለቱም «አ» አሉ፤ ሁለቱም «ት» አሉ። ከዚያ ልጅቷ እግሮቿን ገጥማ ወደ ላይኛው ዘለለችና «ካት!» ብላ ጮኸች።

«በቃ፣ የዛሬው ይሄ ነው።»

«አንድ ብቻ? ሌላ ጨምሪልኝ!»

«አንድ። ሌላው ነገ ከእኔ ጋር ከመገናኛ ይመጣል።»

ድምፆቹን ትምህርት ቤቱ ወላጆችን በሰበሰበ ጊዜ በስልኳ ቀድታ እንዳጠናቻቸው ኋላ ሰማሁ። ደረጃውን ግን ያመጣችው ከራሷ ነው። ቤት ከገባች እራት አለ፤ ሌሎች ልጆችም ይጠብቋታል። ከልጅቷ ጋር ብቻዋን የምትሆነው ከታችኛው በር እስከ አራተኛ ፎቅ ድረስ ነው። ያቺን ጊዜ ወስዳ ትምህርት ቤት አደረገቻት።

ከዚያ ወዲያ ምሽት ሲሆን እኔና ልጄ ኩሽና ውስጥ ነን። እኔ ሽንኩርት እልጣለሁ፣ እሷ በርጩማ ላይ ቆማ ጆሮዋን ትሰጣለች። «ዛሬ ምን ይሆን?» ትለኛለች በሹክሹክታ። የላይኛው በር ሲዘጋ ስንሰማ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ትራሶች እንደረድራለን፤ አንድ ትራስ ለአንድ ድምፅ። ስትሳሳት አብሬያት ወደ መጀመሪያው ትራስ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አፈርኩ፤ ትልቅ ሴት ትራስ ላይ ስትዘል! ልጄ ግን አጠገቧ ስቆም ጊዜ ፊቴን መፈለግ ተወች።

ጎረቤቴ አልፎ አልፎ ትሳሳታለች። «ባስ»ን «ቡስ» እያለች ሰንብታለች፤ እኔም ሽንኩርቴን እየላጥኩ በልቤ አርማታለሁ። ግን ልጇ እየሳቀች ነበር ደረጃውን የምትወጣው። የእኔ እርማት እስከዚያን ጊዜ ማንንም አስቆ አያውቅም።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል አስተማሪዋ ደግማ አስጠራችኝ። ያንኑ ልትደግምልኝ ነው ብዬ ሄድኩ። ልጄ አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ከፊቴ ዘረጋችና ጣቷን እያስከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች። «አንደኛ ክፍል ገብታለች፣ እናት» አለችኝ አስተማሪዋ። መሐረቤን ማውጣት ግድ ሆነብኝ።

በማግስቱ ማታ በሬ ተንኳኳ።

«ቲቸር፣ አለሽ?» ጎረቤቴ ናት፤ ገና ሻርፗን አላወለቀችም። «ልጅሽ የኔዋን መጽሐፍ ቀምታ አነበበችላት አሉ! ማሻአላህ! እስቲ ለእኔም ንገሪኝ፣ ምን አድርገሽላት ነው? የኔዋ አጫጭሩን ትወጣዋለች፣ ረዘም ሲልባት ትወላገዳለች። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ መላ አታጪም።»

ፈገግ ብዬ አንድ ሁለት ምክር ብሰጣት አመስግናኝ ትሄድ ነበር። አፌ ግን እምቢ አለኝ።

«ከአንቺ ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ከደረጃው። እዚህ መስኮት ሥር ቆመን ስንሰማሽ ነው የከረምነው። ልጅሽን ስታስተምሪ የኔዋንም አስተማርሻት። እኔንም ጭምር።»

«ተይ እታለም፣ አትቀልጂብኝ።»

ይሄኔ ልጄ ከሳሎን የሴትየዋን ድምፅ አስመስላ «ኧረ ጅራት በቀለለት! ያ ረቢ!» ብላ ጮኸች።

ጎረቤቴ በሻርፗ ጫፍ አፏን ያዘች። «ውይ ጉዴ! እኔ እኮ በእናንተ በር ሳልፍ ድምፄን ቀነስ አደርግ ነበር። ቲቸር እንግሊዝኛዬን ሰምታ ትስቅብኛለች ብዬ!»

«አንቺ ስትቀንሺ እኛ መስኮቱን እንከፍታለን» አልኳት።

በሳቅ ፈርሳ ግድግዳውን ተደገፈች። ዓይኗን ጠራርጋ ቀና ስትል፣ ወደ ደረጃው ዞር ብላ፦

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ እጮኻለሁ» አለች። «ሕንፃው በሙሉ ይማር!»