በቅርንጫፍ የሞላሁት ጉድጓድ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ጋራው ወገብ ላይ ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ሆነ ወደ መኪና መንገዱ የሚያወርደን አንድ ቀጭን የእግር መንገድ ብቻ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ ይቦረቡረዋል፤ ቀጋውና አጋሙ ከግራና ከቀኝ ይዘጋዋል። መስከረም ሲጠባ በዚያ ያለፈ ሰው ልብሱን ሳያስቀድድ አይወጣም።

ስለዚህ በየዓመቱ ከኅዳር ሚካኤል በፊት መንገዱ በየቤቱ ይከፋፈላል። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ቶላ በገመድ እየለኩ ለእያንዳንዱ ቤት ድርሻውን ያሳያሉ። እሾሁ ይመነጠራል፣ ጉድጓዱ በድንጋይ ይሞላል። ሲያልቅ እሳቸው ከላይ እስከ ታች እየረገጡ ይፈትሻሉ። አንድ ድንጋይ ከተነቃነቀ "ይፍረስ!" ነው፤ ይሉኝታ የሚባል አያውቁም። እሳቸው በሌሉበት እኛ ልጆች "አባ ይፍረስ" እያልን እንስቅባቸው ነበር።

አሥር ዓመት በሞላኝ ጊዜ አባቴ ወገቡን ታሞ ተኛ፤ እናቴ ደግሞ አራስ ነበረች። ድርሻችን እኔ ላይ ወደቀ። ማጭድ ይዤ ወጣሁና እሾሁን እንደምንም መነጠርኩት፤ እጄ በአጋም ወተት ተጣበቀ። ድንጋዩ ግን የሚመጣው ከታች ከወንዙ ነው። ሁለቴ ተመላልሼ በሦስተኛው ሰለቸኝ። ጓደኞቼ የየቤታቸውን ጨርሰው ሰኞ ማክሰኞ ይዘላሉ፤ ሳቃቸው ይሰማኛል። ዙሪያዬን ቃኘሁና የመነጠርኩትን ቅርንጫፍ ጉድጓዱ ውስጥ ጠቀጠቅሁት። አፈር አልብሼ በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። እውነቱን ለመናገር ከሁሉም ያማረው የእኔ ነበር።

አባ ቶላ ሲደርሱ አልረገጡትም። የተጫጫረ እጄን አይተው ቆሙ።

"ይህን ሁሉ ብቻሽን ነው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ገለቶሚ፣ ተባረኪ የኔ ልጅ! ከጎረምሶቹ በለጥሽ!" ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ሥራዬ እንዳይበላሽ ብለው በዳር በዳሩ አለፉ። እኔም ሮጬ ወደ ጨዋታው ገባሁ።

በአራተኛው ቀን ማለዳ የአባ ቶላ ምራት ጫልቱ ምጥ ጠናባት። የመጀመሪያ ልጇ ነው። አራት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ መኪና መንገዱ ሲያወርዷት ሴቶቹ "ማርያም፣ ማርያም" እያሉ ከኋላ ይከተላሉ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። እስከዚያ ቀን መንገደኛ አንድ በአንድ ሲያልፍበት ጉድጓዴ ችሎ ነበር። ያን ሁሉ ሸክም ግን አልቻለም። ከፊት የያዘው ባሏ እስከ ጉልበቱ ሰጠመ፤ ቃሬዛው ተገለበጠ። ጩኸቷ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጫልቱ ተረፈች። ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ቅርንጫፉ ፈጦ ወጥቷልና ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አባ ቶላ መሀል ገቡ። "ልጅቷን ተዉአት! ድንጋይ ከአቅሟ በላይ ሆኖባት ነው። መርገጥ የነበረብኝ እኔ ነኝ" አሉ። ድንጋዩ ከአቅሜ በላይ አልነበረም። ለጨዋታ ቸኩዬ ነው። ይህን ማለት አቃተኝ። በማግስቱ ገመዱን ለሌላ ሰው አስረከቡ፤ ከዚያ በኋላ የሰው ሥራ ሲፈትሹ አላየኋቸውም። የልጅ ልጃቸውን የገደሉት እሳቸው እንደሆኑ እያመኑ ሞቱ። "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ አበው። የእኔ ግን ስድሳ ዓመት ሙሉ ውስጤ ነቅዟል።

ዛሬ ጋራው አስፋልት ለብሷል። መንገድ የሚጠርግ ጎረቤት የለም፤ ድርሻ የሚለካም የለም። ልጆቼ "ለጤናሽ ጥሩ ነው" እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ወደ ጋራው ወስደው በእግር ያስኬዱኛል። ጉድጓዱ የነበረባት ቦታ ስንደርስ እቆማለሁ፤ እነሱም ደክሞኝ ይመስላቸዋል። የእኔ እኩዮች ደጅ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ከእኔ በታች ያሉትም ሸብተዋል። ያ ሕፃን ኖሮ ቢሆን እሱም እስካሁን ጡረታ በወጣ ነበር።