ባዶውን ሮኬት የመረቅሁበት ጠዋት

በዚያ ዘመን ሲያትል ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን አድሬ ጠዋት ነበር የምገባው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓለምን በውሃ ውስጥ እንዳለች አድርጎ ያያታል። ማውንት ቤከር ሰፈር ያለው ቤታችን፣ መስኮቱ፣ መስኮቱ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ የሃይስኩል የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። ከእኛ በአገሩ ሌላ ጫፍ፣ ምሥራቅ ጠረፍ ላለ ዩኒቨርሲቲ የምታመለክትበትን ወረቀት እንድፈርምላት ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች ሳምንት አልፏል። ማስገቢያው ሊዘጋ ሦስት ቀን ቀርቶታል። እኔ አልፈርምም ብያለሁ። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ የቀረውን ከላይብረሪ እየተዋስኩ ራሴን አስተምሬያለሁ። ስለዚህ ስብከቴ አንድ ነበር፦ መማር የፈለገ ሰው እዚሁም ይማራል።

የዚያን ቀን ስገባ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች። ስክሪኑ ላይ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ አንድ ረጅም ነጭ ሮኬት ቆሞ ይታያል። ወደፊት የጨረቃ ተጓዦችን ያስነሳል የተባለ፣ ለጊዜው ግን ያለ ሰው የሚሞከር። ደመናው አልገለጥ ብሎ ከትናንት ጀምሮ ሲያራዝሙት ነበር።

«ትምህርት የለም?»

«ዛሬ ዘግይተን ነው የምንገባው። ና ቁጭ በል፣ አባ።»

«ጫፉ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

«ፌክ ነው። ቅርጹና ክብደቱ ብቻ ነው የእውነተኛው። ሶ፣ መጀመሪያ ባዶውን ይልኩታል፤ ሰው ከዚያ በኋላ።»

«ባዶ ለመላክ ይህን ሁሉ ድካም!»

«አንተ ደግሞ የማትኮንነው ነገር የለም።»

እሳቱ ታየ። ድምፁን ቀንሳው ስለነበር ሮኬቱ በዝምታ ነው የተነሣው፤ ሕልም ውስጥ ነገር እንደሚነሣ። ጫፉ ደመናውን ሲነካ እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ወጣ።

«በሰላም ግቡ! እመብርሃን ትከተላችሁ!» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ልጄ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። «አባ! ማንን ነው የምትመርቀው? ኢምፕቲ ነው እኮ!»

እኔም ሳቅሁ። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። «እሱን መረቅኸው» አለች። «እኔንስ?»

ቦርሳዋን አንሥታ ሄደች። እውነቱን ልናገር፦ መማሯ አልነበረም ያስፈራኝ። ሌሊቱን ሙሉ የሌሎችን ልጆች ሻንጣ ስጭን፣ አንድ ቀን የእሷንም እጭን ይሆን ብዬ እሰጋ ነበር።

ጥቂት ተኝቼ ተነሣሁ። «መጀመሪያ ባዶውን ይልኩታል» ያለችው ከጆሮዬ አልወጣም። ትልቁን ሻንጣዋን አውጥቼ አየር መንገድ የሚፈቅደውን ያህል፣ ሃምሳ ፓውንድ እስኪሞላ፣ የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከተትኩበት። የከተማው ባቡር መስመር ያኔ ገና እስከ ኤርፖርት አልተዘረጋም ነበርና ቱክዊላ ጣቢያ ወርጄ አውቶቡስ ያዝኩ። ዓመታት በሠራሁበት ኤርፖርት በመንገደኛ በር ስገባ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰዎች ይተቃቀፋሉ። ሻንጣውን አቁሜ ጀርባዬን ሰጥቼው ተራመድኩ። ሻንጣ ጥሎ መሄድ ክልክል መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ከአሥር እርምጃ በላይ አልሄድኩም። እነዚያ አሥር እርምጃዎች ግን ዛሬም አልፎ አልፎ በሕልሜ ይመጣሉ።

ማታ ልጄ ሻንጣዋ ላይ ነጭ ዱቄት አየች።

«ምን አድርገኸው ነው?»

«ሞከርኩት።»

«ሶ?»

«ይከብዳል» አልኳትና ወረቀቱን ወደ እኔ ስቤ እስክሪብቶ እንድታቀብለኝ እጄን ዘረጋሁ።