ቀጭ የማይል ካሜራ

ሺዙኖ ሽማግሌውን ኢሶቤ ሳንን፣ አቶ ኢሶቤን ማለት ነው፣ በደንብ ታውቃቸዋለች ማለት አይቻልም። ክረምቱን ሙሉ እሷ ወደምትሠራበት የካሜራ ሱቅ ይመላለሱ ነበር እንጂ ቤታቸውን አላየችም። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት ዓሣ ገበያው ውስጥ ሸርጣን በየመጠኑ ይለዩ እንደነበር እንኳ የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። ጣቶቻቸው ወፍራምና ስንጥቅጥቅ ያሉ ስለሆኑ የካሜራ ቁልፍ ሲጫኑ ሁለቱን አንድ ላይ ይጫናሉ። ከዚህ ሌላ ስለ እሳቸው የምታውቀው ሁሉ በፎቶ የመጣ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ሰው መርጦ የሚያሳየው ነገር ነው።

መጀመሪያ የመጡት በሰሜን ጃፓኗ የወደብ ከተማ በኦታሩ በረዶ መጣል ሲጀምር ነበር። ሱቁ ጣሪያ ባለው የገበያ መንገድ ውስጥ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ግማሾቹ በራቸውን ዘግተው ሄደዋል። ሰው ሁሉ በስልኩ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ሱቁ የሚኖረው በፓስፖርት ፎቶና ቀብር ላይ በሚቆም የሟች ፎቶ ነው። ባለቤቱ ዳይጎ ከአባቱ የወረሰው ሱቅ ነው፤ ሺዙኖ ግን በአባቱም ዘመን እዚያው ባንኮኒ ጀርባ ነበረች። ስለዚህ አለቃዋ ቢሆንም "እትዬ" ይላታል፣ እሷም ስታሻው ትቆጣዋለች።

"ቀጭ የማይል ካሜራ አለ?" አሉ ኢሶቤ ሳን፣ ኮፍያቸው ላይ ያለውን በረዶ ሳያራግፉ።

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"ሲያነሳ ድምፅ የማያሰማ። ጭራሽ።"

"ስልክዎ አያነሳም እንዴ አባባ?" አለ ዳይጎ ከኋላ።

"ያነሳል። ግን ይጮኻል።"

ሺዙኖና ዳይጎ ተያዩ። ጃፓን ውስጥ የስልክ ካሜራን ድምፅ ማጥፋት አይቻልም፤ ለምን እንደማይቻልም የማያውቅ የለም። በባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ከሴት ቀሚስ ሥር ስልኩን የሚሰድ ወንድ ስላለ ነው።

ዳይጎ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "እትዬ፣ ድምፅ የሌለው የሚፈልግ ወንድ ወይ ወፍ ወዳድ ነው፣ ወይ ፖሊስ ፈሪ" አላት።

"ዝም በል፣ ይሰማሉ!"

ሰምተዋል። ጆሯቸው ቀላ። "ለወፍ ነው" አሉ ቸኩለው፣ "ለባሕር ወፍ።"

"ወፎቹን ከሩቅ ነው ወይስ ከቅርብ የሚያነሷቸው?" አለች ሺዙኖ።

"ከቅርብ። ቤት ውስጥ።"

"ቤት ውስጥ ወፍ?"

"በመስኮት... በመስኮት በኩል።"

ሺዙኖ የለንም ልትላቸው አፏን ከፍታ ነበር። ያስተዋት የሰውየው አመራረጥ ነው። ዳይጎ በሜጋፒክስል ብዛት ሲያስጎመጃቸው አልሰሙትም። እሷም፣ "ቁጥሩን ይተዉት፤ ፎቶዎን የሕንፃ ግድግዳ ላይ ካልሰቀሉት አይጠቅምዎትም። ቤት ውስጥ ከሆነ የሚያነሱት ሌንሱ ሰፊ ይሁን፣ በጨለማም ብርሃን እንዲያስገባ። ደግሞ እጅዎ ላይ ይመችዎት" አለቻቸው። አንድ በአንድ እያነሱ ሞከሩ። ሌላው ደንበኛ ካሜራውን ዓይኑ ላይ ያደርጋል፤ ኢሶቤ ሳን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይጫኑና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። በመጨረሻ ጠርዙ ትንሽ የተላጠ፣ ሌንሱ ግን ሰፊ የሆነ አንድ አገልግሎት ላይ የዋለ ካሜራ መረጡ። ሺዙኖ ማስተካከያው ውስጥ ገብታ ድምፁን አጠፋችላቸው። ደስ ሳይላት ነው ያጠፋችው። ከሄዱ በኋላም ዳይጎን፣ "ፖሊስ ቢመጣ አንተ ነህ የሸጥከው" አለችው።

ፖሊስ አልመጣም። የመጡት ኢሶቤ ሳን ራሳቸው ናቸው፤ በረዶው ጋብ ባለ ቁጥር ብቅ ይላሉ። ባንኮኒው ላይ ካሜራውን ያስቀምጡና ተማሪ የቤት ሥራውን ሲያሳርም እንደሚቆመው ይቆማሉ። ፎቶዎቹ በእርግጥ የወፍ ነበሩ፤ ግን ወፍ መሆናቸው የሚታወቀው ስለተነገረ ነው። አንዱ ተንቀሳቅሶ ጭስ መስሏል፣ ሌላው ከነበረዶው ጠቁሯል።

"በረዶ ካሜራን ያታልለዋል" አለቻቸው። "ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ስለዚህ ይቺን የብርሃን ማስተካከያ ወደ ላይ ይግፏት፣ በረዶው ነጭ እስኪሆን። ደግሞ ክንድዎ ተንጠልጥሏል፤ ክርንዎን ደረትዎ ላይ ያጣብቁ። ሲጫኑ አይተንፍሱ።"

"አልተነፍስም።"

"ብዙ አይጠጉ፣ ደንግጠው ይበራሉ። እስኪለምዱዎት ይጠብቁ።"

"ባይለምዱኝስ?"

"ይለምዳሉ። ወፍ አይደሉም እንዴ?"

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ከደበዘዙት ወፎች መካከል አንድ ፎቶ ወጣ። መንደሪን የምትልጥ የሴት እጅ ነው። ከመስኮት የገባው ብርሃን ጥፍሯ ላይ አርፏል፤ ቆዳዋ ላይ ያለው መስመር ሁሉ ይቆጠራል። ኢሶቤ ሳን ካነሱት ሁሉ እንዲህ የጠራ አልነበረም።

"ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ወፍ ናት ኢሶቤ ሳን?"

"መንደሪን በሊታ!" አለ ዳይጎ ከኋላ።

ኢሶቤ ሳን አልሳቁም። የፓስፖርት ፎቶ የሚነሳበትን በርጩማ ስበው ተቀመጡ። "ሚስቴ ናት" አሉ፣ "ፉሳኤ።"

ፉሳኤ ከልጅነቷ ጀምሮ የአውቶቡስ አስጎብኚ ነበረች። ነጭ ጓንት አድርጋ፣ ትንሽ ባንዲራ ይዛ፣ ከሹፌሩ ጎን ቆማ ስለ ከተማው ስታወራና ስትዘፍን ኖራለች። ከተማውን የሚያቋርጠው ቦይ ዳር በደረሱ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ ይደረደራል፣ እሷም ዳር ላይ ትቆማለች፤ ቀጭ ሲል አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ ፈገግ።

"ቤት ሙሉ ፎቶ አለን" አሉ ኢሶቤ ሳን። "የሠርጋችን ቢሆን፣ እናቷን የቀበርን ቀን የተነሳነው ቢሆን፣ ሁሉም ላይ ያችው ናት። ያ ፈገግታ የአውቶቡስ ኩባንያው ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ቤትም ያው ነበረች። እኔ ሥራዬ ሌሊት ነው፤ ጠጥቼ እገባለሁ። ምን ሆንሽ ስላት ፈገግ። ምን እንደሚያስከፋት እንኳ ሳላውቅ አረጀን።"

አሁን አእምሮዋ ሸሽቷታል። ስልኩ ቀጭ ባለ ቁጥር ብድግ ትልና እጇን ዘርግታ፣ "በቀኝ በኩል የሚያዩት" ትጀምራለች። ቀጥላ መንገደኞቿን ትፈልጋለች። ባለፈው በካልሲዋ በረዶ ላይ ወጥታ አውቶቡሱ የት ሄደ እያለች ስታለቅስ ጎረቤት ነው የመለሳት።

"ሐኪሙ ልቧም ደክሟል ብሎኛል። ክረምቱን መውጣቷን እንጃ አለ። እኔ ደግሞ ለቀብሯ የሚሆን ፎቶ የለኝም። የራሷ ፊት ያለበት አንድ እፈልጋለሁ። አንድ ብቻ።"

ሺዙኖ ካሜራውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። "ታዲያ ለምን ወፍ አሉን?"

"ሚስቴን ሳታየኝ ላነሳ ነው ልበል?"

ዳይጎ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ አንስቶ ንጹሑን መስታወት መጥረግ ጀመረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሺዙኖ በቀልድ አላስተማረችም። ስለ ቤታቸው ጠየቀቻቸው፤ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ፉሳኤ የት መቀመጥ እንደምትወድ። ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ እንዲያስቀምጧት፣ በሌላው ጎኗ ደግሞ ነጭ አንሶላ እንዲሰቅሉ ነገረቻቸው፤ የጨለመው ጉንጭ ብርሃን እንዲያገኝ። ፎከሱን አስቀድመው ዓይኗ የሚሆንበት ቦታ ላይ እንዲያደርጉ አሳየቻቸው። ኢሶቤ ሳን ባንኮኒው ላይ የሻይ ኩባያ እያስቀመጡ ተለማመዱ። ግን የሚያመጧቸው ፎቶዎች የጀርባ፣ የጎን፣ የተኛች ሴት ነበሩ። ካሜራውን ዓይናቸው ላይ ካደረጉ፣ ድምፅ ባይኖረውም ታውቃለች፤ መዳፏ መዘርጋት ይጀምራል።

"እንግዲያው ከፊትዎ ያውርዱት" አለች ሺዙኖ። "ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ደራርበው ያስቀምጡት፣ ሌንሱ ወደ እሷ ይሁን። እርስዎ ከኋላው ቁጭ ብለው ያዋሯት። ሰው ካሜራ ሲያይና ሰው ሲያይ ፊቱ አንድ አይደለም። እርስዎን ስታይ ያንሱ።"

"እኔን ስታይ" አሉ ኢሶቤ ሳን፣ ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው።

ከዚያ ብዙ ጊዜ ጠፉ። በረዶው የሱቆቹን በር እስኪሸፍን ቆለለ። ዳይጎ አንዳንዴ፣ "ወፍ ወዳዱ የት ገቡ?" ሊል ይጀምርና ይተወዋል።

ሲመጡ ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ጥቁር ክራባት አስረው ነበር። ፉሳኤ ትናንት ማለዳ ሞታለች። ሥርዓቱን የሚያስፈጽመው የቀብር ቤት ነገ ምሽት ለቀስተኛ ከመምጣቱ በፊት ፎቶውን ይፈልጋል።

"አግኝቻለሁ" አሉ፣ ካሜራውን በሁለት እጃቸው እያቀበሏት።

ሺዙኖ ስክሪኑ ላይ ከፈተችው። ፉሳኤ ስታኝክ፣ ፉሳኤ ደጁን ስታይ፣ ፉሳኤ ባዶ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ። ሺዙኖ ይህን ዓይነት ዓይን ታውቀዋለች፤ ያለበት ቦታ የጠፋበት ሰው ዓይን ነው። እያሳለፈች ወደ መጨረሻው ደረሰችና እጇ ቆመ።

ፎቶው እንከን አልነበረበትም። ብርሃኑ ከመስኮቱ ገብቶ ጉንጯን አቅፏል፣ አንሶላው ጥላውን አለስልሶታል፣ ዓይኖቿ ሽፋሽፍታቸው ሳይቀር ጠርተዋል። ፉሳኤ ፊት ለፊት ታያለች። ፈገግታ የለም፣ መዳፍ የለም። ዓይኗም ባዶ አይደለም። በሌሎቹ ፎቶዎች ሁሉ ጠፍታ የነበረችው ሴት እዚህ ላይ ማንን እንደምታይ አሳምራ ታውቃለች። ከንፈሯ ጥብቅ ብሏል። ከካሜራው ኋላ የተቀመጠውን ሰው ዕድሜዋን ሙሉ የታገሠችና አሁን መታገሥ የሰለቻት ሴት አስተያየት ነው።

ዳይጎ መጥቶ በትከሻዋ በኩል አየ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ።

"ሌላም እንይ?" አለች ሺዙኖ። "ይቺ ደጁን የምታይበት ለስላሳ ናት።"

"እሱ ነው።"

"የቀብር ቤቱ ሰዎች በኮምፒውተር የከንፈሯን ጫፍ ትንሽ ከፍ ያደርጉታል። ሁሉም ሰው ያስደርጋል። ፎቶው ላይ ኪሞኖም ያለብሷታል፣ ከፈለጉ።"

"ኪሞኖውን ያልብሷት። ፊቷን እንዳይነኩ።"

"የሥራ ጓደኞቿ ይመጣሉ፣ ዘመድ ይመጣል። ቤትም ከተሰቀለ በኋላ እርስዎ..." የቀረውን ዋጠችው። ቤት ውስጥ ካለው የሙታን መታሰቢያ መሠዊያ በላይ ተሰቅሎ፣ ሩዝ ሲበሉ፣ ሲተኙ፣ ሲነሱ ሊያያቸው ነው።

"ይዩ" አሉ ኢሶቤ ሳን። "የራሷ ፊት ነው።"

ሺዙኖ ፎቶውን ወደ ማተሚያው ላከችው። ማተሚያው ተነሳና ወረቀቱን ቀስ በቀስ ገፋ፤ መጀመሪያ ሽበቷ ወጣ፣ ከዚያ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኖቿ። ኢሶቤ ሳን ማተሚያው ላይ ጎንበስ ብለው ጠበቁ። አፏ ሲወጣ ቀና አላሉም። ወረቀቱ ሲያልቅ በወፍራም ጣታቸው ጠርዙን ብቻ ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩት፤ ወፎቻቸውን ያሳርሙ በነበረ ጊዜ እንደሚያደርጉት።

"ዓይኗ ጠርቷል?" አሉ።

"ጠርቷል።"

"ጥላው አልከበደም?"

"አልከበደም። ከዚህ በላይ ማንም አያነሳም ኢሶቤ ሳን።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፤ ፉሳኤ ሁለቱንም ከታች ወደ ላይ አየቻቸው። ሺዙኖ ልትጠይቅ አልፈለገችም ነበር፤ የደንበኛን ኀዘን አይጠይቁም። ግን እርስዎን ስታይ ያንሱ ያለቻቸው እሷ ናት። ቃሉ አመለጣት።

"ኢሶቤ ሳን... እንዲህ ታይዎት የነበረው ከታመመች ወዲህ ነው? ወይስ ድሮም?"

ኢሶቤ ሳን ከኮፍያቸው ላይ ቀልጦ ባንኮኒው ላይ የተንጠባጠበውን ውሃ በእጅጌያቸው ጠረጉ። ፎቶው አጠገብ ሲደርሱ እጃቸው ቆመና ዞሮ አለፈ።

"ክፈፉ ጥቁር ይሁን" አሉ። "ጥቁር አላችሁ አይደል?"